የግመሏ ትንፋሽ

ባለፈው እሁድ ወሰን ወደሚገኘው የእናቴ ቤት ስገባ ግቢው መሃል አንድ ወጣት ቁጢጥ ብሎ የብረት ክምር ሲለይ አገኘሁት። ጆንያውን ዘርግቶ፣ የእጅ ሚዛኑን አጥሩ ላይ ሰቅሎ፣ ላሜራውን ለብቻ፣ ከባዱን ብረት ለብቻ ይቆልላል። ቁራሌው ነው። እማዬ በረንዳው ላይ ቆማ ታዘዋለች። "እንኳን መጣህ፤ ያንን ከሥር ያለውን ጎትትለት፣ ብቻውን አይችለውም" አለችኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳንለዋወጥ።

ከሥር ያለው የአየር ቦምቦላው ነበር። የሦስት ዓመት ልጅ ቁመት ያህላል። ሁለት ጫፉ እንደ እንቁላል የሞለለ፣ ሰማያዊ ቀለሙ ተላልጦ ዝገቱ የወጣ። ቆርቆሮና የተሰበረ የአልጋ ብረት ተጭኖት ስንት ክረምት እንዳለፈ እንጃ። ጎትቼ አወጣሁት። ሆዱ ላይ ያለችውን ትንሽ የነሐስ ቧንቧ ሳያት ጣቶቼ ሳላዛቸው ሄደው ወደ ግራ አዞሯት። ትንሽ እምቢ ብላ ተከፈተች። ሦስት ጠብታ ጥቁር ውሃ እጄ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

ሽታው የመጣው ያን ጊዜ ነው። የዛገ ብረት፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ከሁለቱ ሥር ደግሞ ዝናብ የነካው አመድ የመሰለ ነገር። ለቁራሌው በኪሎ የሚሸጥ ብረት ሽታ ነው። ለእኔ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

በዚያ ሰዓት አባቴ አይሱዙዋን ያስነሳ ነበር። ወሰን ያኔ ሌሊቱ አጥንት ይገባል። ከእንጦጦ ሰንሰለት፣ ከየካ ተራራ በባሕር ዛፉ መሃል ሾልኮ የሚወርደው ንፋስ በቆርቆሮው ክፈፍ ገብቶ ብርድ ልብሳችን ውስጥ አብሮን ይተኛል። ጅቦቹ ከተራራው ሥር ገና ድምፃቸው አልጠፋም። አባዬ ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣና ቁልፉን ያዞራል። ናፍጣው ሞተር ሁለት ሦስቴ ያስልና ይይዛል። ከዚያ እኔ ዓይኔን ከድኜ የምጠብቀው ነገር ይመጣል። ሌሊቱን ሙሉ አየሯ በቀጭኑ ሲሾልክ አድሮ የኋላ እግሯን አጥፋ የተኛችው መኪና መነሳት ትጀምራለች። ኮምፕሬሰሩ ቱክ ቱክ ቱክ እያለ ቦምቦላውን ይሞላል፤ አየሩ በቱቦ ሄዶ በሻንሲውና በኋላው አክስል መካከል የተቀመጡትን ሁለት የጎማ ፊኛዎች ይነፋል። መጀመሪያ ቀኝ ጎኗ፣ ቀጥሎ ግራዋ፣ እየተንገዳገደች ከፍ ትላለች። ቦምቦላው ልኩን ሲያገኝ ትርፉ አየር "ጥሽ!" ብሎ ይወጣል። በመስኮቱ ባላይም ቆማ እንደጨረሰች በዚያ ድምፅ አውቃለሁ፤ ከዚያ እንቅልፍ መልሶ ይወስደኛል።

የሰፈሩ ልጆች ግመሏ ይሏት ነበር። ስሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አባዬ ለጭነት ወደ ወሎ ሲሄድ አስከትሎኝ ሰኞ ቀን ባቲ ገበያ ደርሰን ነበር። ከበርበሬው፣ ከከብቱ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ዓይኔ የቀረው ግመሎቹ ላይ ነው። አንድ የአፋር ሽማግሌ በምላሱ የሆነ ድምፅ ያሰማና ግመሉ ጉልበቱን አጥፎ ይወርዳል፤ ይጫናል፤ ከዚያ የኋላ እግሩን ቀድሞ እያነሳ፣ ወደፊት ሊደፋ ነው ስትል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ጉዞ መልስ በነጋታው ጠዋት መኪናችን ስትነሳ አይቼ "አባዬ፣ ግመል!" ብዬ ጮህኩ። አባቴ ብዙ የሚስቅ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ግን ስቆ ጋቢናዋን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረጋት።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ወደ አሰብ መንገድ መመለስ አለብኝ።

አባቴ ሥራ የጀመረው በኤንትሬ ላይ ረዳት ሆኖ ነው። ፊያት 682 ኤን ትሬ። ከዚያ ዘመን ሹፌሮች አንዱን አግኝታችሁ ይህን ስም ብትጠሩለት ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ታያላችሁ። ጣሊያኖች 682ን ያወጡት በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። አፍሪካ ውስጥ ግን ከአገሩም በላይ ዕድሜ አግኝቷል፤ ጣሊያኖቹ ራሳቸው "የአፍሪካ ንጉሥ" ይሉታል። እኛም አገር በ1970 እ.ኤ.አ. አምቼ ተቋቁሞ የፊያትን፣ ኋላም የኢቬኮን ከባድ መኪኖች መገጣጠም ሲጀምር ኤንትሬና ተሳቢው የአገሪቱ ወገብ ሆነ። ስንዴው፣ ስኳሩ፣ ማዳበሪያው፣ ሲሚንቶው በእሱ ላይ ነው ያለፈው። የጋራዡ አማርኛ እስካሁን የዚያ ዘመን ልጅ ነው፦ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ጋቢና፣ ካሶኒ፣ ጎሚስታ። አባዬ እነዚህን ቃላት ሲጠራ ጣሊያንኛ የሚናገር አይመስለውም ነበር። ኤር ሳስፔንሽን የሚለውን ግን እስከ መጨረሻው አልለመደውም። ለእሱ ፊኛ ነው።

ኤንትሬ ፍሬኑ በአየር ነው። ከሞተሩ ጋር የሚዞር ኮምፕሬሰር አለው፤ አየሩን ቦምቦላ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ሹፌሩ ሲረግጥ ያ አየር ሄዶ ጎማውን ይይዛል። አባዬ ሲያወራልኝ ግን ከፍሬኑ ይልቅ የሚያነሳው ቱቦውን ነበር። ከቦምቦላው ላይ ረጅም ቱቦ ይቀጥላሉ። ከሚሌ ወዲያ፣ ዛፍ የሚባል ነገር በሌለበት፣ ድንጋዩ እንደ ምጣድ በሚግልበት በረሃ ጎማ ሲፈነዳ ረዳቱ ይፈታል፣ ካላማዳሪውን ይለጥፋል፣ መልሶ ይገጥማል፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ከራሷ ከመኪናዋ አየር ይሞሉታል። ጎሚስታ የለ፣ ሰፈር የለ። "አየር ያለው ሹፌር በረሃ ላይ ማንንም አይለምንም" ይል ነበር። ቀጥሎ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምራል፦ "የቆመ መኪናም አያልፍም።" ቱቦው ረጅም የሆነው ለራስ ጎማ ብቻ ስላልነበረ ነው። ጎን ለጎን ለቆመ የሌላ ሰው መኪና እንዲደርስ ሆኖ ነው የሚቆረጠው።

አየር ራሱ እንደ አገሩ እንደሚለያይ የነገረኝም እሱ ነው። አሰብ ባሕሩ ዳር ቦምቦላው ቶሎ ይሞላል። ጣርማ በር ላይ፣ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ አፍ ቆመህ፣ ብርዱ ጆሮህን እየቆረጠው፣ የግፊት ሰዓቱ መርፌ አልነሳ ትላለች። "እዚህ አየሩ ቀጭን ነው" ይላል። ትምህርት ቤት ገብቼ ሳነብ ልክ ሆኖ አገኘሁት። እኛ ወሰን ላይ የምንተነፍሰው አየር ግፊቱ ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ኮምፕሬሰሩ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር የሚያገኘው ትንሽ ነው። ስለዚህ ወደ ደብረ ሲና ከመውረዳቸው በፊት ቆመው ቦምቦላው ጢም እስኪል ይጠብቁ ነበር። በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩን እያስጮሁ፣ ፍሬኑን እየቆጠቡ ይወርዳሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ካደሩ ደግሞ ማታ ከቦምቦላው ውሃውን ማፍሰስ ግዴታ ነው። አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ይሆናል፤ ያ ውሃ በውርጩ ቧንቧ ውስጥ ከረጋ ጠዋት ፍሬን የለህም። ያቺ የነሐስ ቧንቧ ለዚህ ናት። አባዬ ወሰን ገብቶ፣ ውርጭ በሌለበት ወር እንኳ፣ ማታ ማታ ሳይከፍታት ተኝቶ አያውቅም።

በግንቦት 1990 ጦርነቱ መጣ። አሰብ ተዘጋ፤ ተሳቢው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። አባዬም ጥቂት ዓመታት በጋላፊ ተመላለሰ። ወገቡ ያለቀው እዚያ ነው። ባሌስትራ የተሠራው ሙሉ ጭነት እንዲሸከም ነው፤ ብረቱ በብረት ላይ ተደርድሮ የሚታጠፈው ክብደት ሲያገኝ ነው። ባዶ ስትሄድ አይታጠፍም፤ እያንዳንዱን ድንጋይ ወስዶ ወንበርህ ላይ ያስቀምጠዋል። ወደ ወደብ ሲወረድ ደግሞ ባዶ መሄድ ይበዛል። አባዬ ዘመኑን በሙሉ ጭኖ እየተመለሰ፣ ባዶውን እየተደበደበ ሲወርድ ነው ያሳለፈው። ቤት ሲመጣ ወንበር ላይ አይቀመጥም ነበር፤ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ቡናውን ይጠጣል።

ከዚያ እቁቡ ወጣለት፣ ተበደረም፣ ያገለገለች አይሱዙ ኤን ፒ አር ገዛ። አረንጓዴ ታርጋ፣ ኮድ 3። የራሱ መኪና። ከረጅም መንገድ ተሰናብቶ ከተማ ውስጥ መሥራት ጀመረ።

ዘመኑ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የምትተክልበት ነው። አያት፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚት፣ በኋላም የካ አባዶ፣ በየቦታው ፎቅ ይበቅላል። ፎቅ ደግሞ መስኮት አለው። አባዬ ከመርካቶ መስታወት እየጫነ ወደ ግንባታ ቦታ ማድረስ ያዘ። መስታወት ክፉ ጭነት ነው። ክብደቱ ቀላል አይደለም፤ ግን እንደ ሲሚንቶ መኪናዋን ረግጦ አያስተኛትም። አስፋልቱ እስካለ ደህና ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ኮረኮንቹ ሲጀምር፣ ወይም ያኔ በየሰፈሩ ይነጠፍ የነበረው ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ፣ ከኋላ እንደ ጥርስ መፋጨት ያለ ድምፅ ይመጣል። ጭድ አነጠፈ። አሮጌ ፍራሽ አነጠፈ። በቀን ሁለትም ሦስትም መስታወት ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀው ከኪሱ ነው። አንድ ማታ እራት ላይ ቁራሹን እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና "አየር ነው የሚያስፈልጋት" አለ። እማዬ ጎማው የተነፈሰ መስሏት "ታዲያ ጎሚስታው ቅርብ አይደል እንዴ?" አለችው።

ሐሳቡን ያገኘው ከአውቶቡስ ነው። ለአገር አቋራጭ ጉዞ የገቡት አዳዲስ አውቶቡሶች በባሌስትራ ፈንታ በአየር ፊኛ ላይ እንደሚቀመጡ አይቷል። በዓለም ላይ ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጄኔራል ሞተርስ አውቶቡሶቹን በአየር ላይ ማስቀመጥ የጀመረው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። አውሮፓም በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፣ በኋላ አክስሉ አየር ያለው ከባድ መኪና ከባሌስትራው ይልቅ ትንሽ አስበልጦ እንዲጭን ፈቅዶለታል፤ ምክንያቱ መንገዱን ብዙ ስለማይጎዳ ነው። አባዬ ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ የገባው ሌላ ነገር ነው፤ እኔ እስከ ዛሬ ድረስ የሚደንቀኝም ይኸው ነው። ባሌስትራ ጥንካሬው አንድ ነው፣ የአየር ፊኛ ግን እንደ ጭነቱ ነው። ብዙ ስትጭን ብዙ ትነፋዋለህ፣ ይጠነክራል፤ ስታራግፍ ታስተነፍሰዋለህ፣ ይለሰልሳል። ባዶም ሆነች ሙሉ አካሄዷ አይለወጥም። ጋላፊ ላይ ባዶውን የተደበደበ ወገብ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አላስፈለገውም።

ችግሩ ኤን ፒ አር አየር የላትም። ፍሬኗ በዘይት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል። ሶማሌ ተራ ሁለት ቅዳሜ ተመላለስን። ያን ቦታ ያየ ያውቀዋል፤ የመኪና አካል ተበትኖ በዓይነት በዓይነቱ ተሰቅሎ፣ ዘይት የጠጣው መሬት እግር ሥር ለስልሶ። ፊኛዎቹን ከተፈታ አውቶቡስ አገኘ። ኮምፕሬሰሩን ሲያገኝ ግን ፊቱ ተለወጠ። እጁ ላይ አገላብጦ፣ ጭንቅላቱን በጣቱ ጠርጎ "ይሄ የኤንትሬ ነው" አለኝ፣ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው። ዋጋ አልተከራከረም። አባቴ ዋጋ ሳይከራከር ሲከፍል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሥራው ግቢያችን ውስጥ አንድ ወር ገደማ ፈጀ። የድሮ ባልደረባው የሆነ አንድ ሽማግሌ መካኒክ እየመጣ ያግዘው ነበር። ሁለቱ ሲሠሩ አይነጋገሩም፤ አንዱ እጁን ሲዘረጋ ሌላው የሚፈልገውን ቁልፍ ያቀብለዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ተጣልተዋል። መካኒኩ የፊኛውን መቀመጫ ሻንሲው ላይ እንበይደው አለ። አባዬ እንደ ነብር ተቆጣ። "ሻንሲ ላይ እሳት አይነካም! ዛሬ ትበይደዋለህ፣ የዛሬ ዓመት ጣርማ በር ላይ ይሰነጠቃል።" በብሎን ሆነ። ከባሌስትራው ብረቶች ሦስቱን አወጡ፤ ዋናውን ግን አልነኩትም፤ አክስሉን ቦታው ላይ የሚይዘው እሱ ነውና። ፊኛ ይሸከማል እንጂ አይዝም። ኮምፕሬሰሩ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ተገናኘ፣ ዘይቱ ከሞተሩ ዘይት ተጠለፈለት። ቦምቦላው ከካሶኒው ሥር ተሰቀለ። ጋቢናው ውስጥ ሁለት ትንንሽ ቧንቧዎችና አንድ የግፊት ሰዓት፤ ለቀኝ አንድ፣ ለግራ አንድ። አውቶቡሱ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራ ከአክስሉ ጋር የተያያዘ ቫልቭ አለ፤ ጭነቱ ሲከብድ ራሱ አየር ይጨምራል። እኛ ያ ስላልነበረን የዚያን ቫልቭ ሥራ የሚሠራው አባዬ ራሱ ነበር። ፍሬኑን አልነካውም። "ፍሬን ላይ ሙከራ የለም" አለ፤ በዚህ ነገር ማንም ሐሳብ እንዲያቀርብ አልፈቀደም። ከተረፈው አየር ግን አንድ ነገር ለራሱ ቀጠለ፦ የኤንትሬን ጡሩምባ። ቦሎ በሚታደስበት ወቅት ይነቅለውና ቦሎው ሲለጠፍ መልሶ ይገጥመው ነበር።

የእኔ ሥራ ሳሙና ነው። በጣሳ ውሃ ውስጥ ሳሙና እመታና አረፋውን በአሮጌ የቀለም ብሩሽ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ እቀባለሁ። ከዚያ ከመኪናዋ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ እጠብቃለሁ። አየር የሚያፈስ ቦታ ካለ አረፋው ይነግርሃል። አብዛኛው አረፋ እዚያው ደርቆ ይቀራል። አንዱ ጋ ግን አንዲት ነጥብ ትወጣለች፤ ታብጣለች፤ ታብጣለች፤ ቆዳዋ እየሳሳ ቀስተ ደመና ይይዛል። ውስጧ የአጥሩ ባሕር ዛፍ ተገልብጦ፣ ሰማዩ ከታች ሆኖ ይታየኛል። እንዳትፈነዳ ትንፋሼን ይዤ አያታለሁ። ከላይ የአባዬ ድምፅ ይመጣል፣ "አገኘህ?" አግኝቼ ሳለ "ቆይ አባዬ" የምልበት ጊዜ ነበር።

አየር የምታፈሰውን የመጨረሻዋን ቦታ ግን አላገኘናትም። ቀን ቀን ሞተሩ ስለሚሠራ አይታወቅም፤ ሌሊት ሌሊት ትተነፍሳለች። መካኒኩ ሁሉንም ፈትተን እንደገና እንግጠም ብሎ ነበር። አባዬ "ተዋት፣ እሷም ትተኛ" አለው።

የመጀመሪያው ፊኛ ሦስት ሳምንት አልቆየም። ከሸኖ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ እንደ ጥይት ጮኸ፤ መኪናዋ በአንድ ጎኗ ተቀመጠች። ስናየው ጎማው ከማርሚታው ጋር ተጠጋግቶ በሙቀቱ ተጠብሷል። አባዬ መንገድ ዳር ተቀምጦ የተቀደደውን ጎማ ጭኑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። እኔ የሚያለቅስ መስሎኝ ፈራሁ። የሚያሰላ ኖሯል። በሳምንቱ በፊኛውና በማርሚታው መካከል ላሜራ አቆመ፤ ከዚያ በኋላ ፊኛ አልፈነዳበትም። መስታወቱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ መሰንጠቁ ጨርሶ ባይቀርም በወር አንዴ ሆነ።

ሰፈሩ ውስጥ ግን ግመሏ የታወቀችው በመስታወት አይደለም። ቱቦውን ረጅም አድርጎ ነበር የቆረጠው፤ ልክ እንደ ኤንትሬው። ቅዳሜ ከሰዓት መኪናዋ ግቢ ስትገባ ልጆች በሩ ላይ ተኮልኩለው ይጠብቃሉ። "ጋሼ፣ ኳሷን ይንፉልን!" ከጎሚስታው የገዛት መርፌ በጋቢናው መስታወት ላይ በክር ተንጠልጥላለች። ኳስ ይነፋል። ሳይክል ይነፋል። የውሃ ጋሪ የሚገፋው ልጅ ጎማውን ይዞ ይመጣል። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን የስፌት መኪናውን ተሸክሞ መጥቶ የገባበትን ብናኝ በአየር ያስጠርጋል፤ ብናኙ በፀሐይ ውስጥ ሲበተን ሁላችንም እናስነጥሳለን። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን አጥራችን ላይ አስደግፈው ይህን ትርኢት እያዩ ያርፋሉ። አባዬ ከማንም ሳንቲም አልተቀበለም። እማዬ ናፍጣው በነፃ ነው የሚቀዳው ወይ ብላ ታውቃለች። "አየር ነው" ነበር መልሱ፤ "አየር ይሸጣል እንዴ?"

አያቴ የወደቀችው በአንድ የሐምሌ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በራሰ ድንጋይ ላይ ነው። የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሳምንታት ተኝታ ቤት ግቢ ስትባል እግሯን ማጠፍ ስለማትችል ላዳ ውስጥ አትገባም። አባዬ ግመሏን አመጣ። ካሶኒው ላይ ሁለት ፍራሽ ደራርቦ፣ ሸራውን ከላይ ወጥሮ፣ ስፖንዳውን አወረደ። ከዚያ ያደረገውን አልረሳውም። ጋቢና ገብቶ ሁለቱን ቧንቧዎች ከፍቶ አየሩን ለቀቀው፤ መኪናዋ በቀስታ ተንበረከከች። አያቴን ከነአልጋዋ አንሸራትተን አስገባናት። ከዚያ አየሩን መለሰ፤ ግን ሙሉ አልነበረም። ለመስታወት ከሚሞላው በታች፣ ከዚያም በታች፤ ሰዓቱን እያየ፣ ወርዶ ካሶኒውን በእጁ እየተጫነ፣ ተመልሶ ትንሽ እየቀነሰ። አንዲት ቀጭን አሮጊት ለመሸከም ስንት አየር እንደሚበቃ የሚለካ ሰው።

እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ። እጄን ይዛኛለች። በመገናኛ፣ በላምበረት በኩል አስፋልቱን ጨርሰን ወደ ውስጥ ታጠፍን። ከዋናው መንገድ እስከ እኛ ቤት ያለው ኮብልስቶን ነው፤ ዳገት ነው፤ ክረምቱ ድንጋዩን እያነቀለ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ አድርጎታል። እጇን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩና ጩኸቷን ጠበቅኩ። ሞተሩ ብቻ ይሰማል። መኪናዋ እንደ ጀልባ ነገር ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ዘንበል ትላለች፤ አትመታም። በራችን ላይ ስትቆም አያቴ ዓይኗን ገለጠች።

"ልጄ" አለችው አባዬ ስፖንዳውን ሲያወርድ፣ "አስፋልቱ እቤት ድረስ ገባ እንዴ?"

አልመለሰላትም። ፊቱን አዙሮ ከካሶኒው ሥር ጎንበስ አለና የቦምቦላውን ቧንቧ ከፈተ። ገና ምሽት አልነበረም።

አያቴ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች። ቡና ላይ ለጎረቤት ሁሉ "አንቀልባ ውስጥ አድርጎ ነው ያመጣኝ" እያለች ትናገር ነበር።

ግመሏ የተሸጠችው የአባዬ ወገብ መሪ መያዝ ሲከለክለው ነው። የገዛት ሰው እንደ ፋብሪካዋ ትሁንልኝ አለ። አልፈርድበትም፤ ገንዘቡን ነው የሚያወጣው። ባሌስትራዋ ተመለሰ፣ ፊኛዎቹ ተነቀሉ፣ ኮምፕሬሰሩን መካኒኩ ወሰደው። አባዬ ቦምቦላውን ብቻ ጠየቀ። በረንዳው ሥር አጋድሞ ጨርቅ አነጠፈበትና ቡና ሲፈላ እዚያ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ስንት ዓመት ግድግዳ ተደግፎ የጠጣ ሰው፣ በመጨረሻ የተመቸው መቀመጫ ያ ብረት ሆነ። ካረፈ አራት ዓመቱ ነው።

ወሰን አሁን ሌላ ነው። ባሕር ዛፉ ወደ ላይ ሸሽቷል፤ ጅቡ የሚጮኸው አልፎ አልፎ ነው፤ ኳስ የምንነፋበት በር ፊት ለፊት ባለ አራት ፎቅ ቆሟል፣ መስኮቱ ሁሉ መስታወት። ሳየው የማን መኪና እንዳመጣው ሳላስብ አላልፍም። ከታች መንገዱ ዳር ያለው ጎሚስታ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኮምፕሬሰር አለው፤ ፈጣን ነው፣ ሥራውን ያውቃል፣ ዋጋው በግድግዳ ተጽፏል። ልጆቹ ኳስ ይዘው ወደ እሱ ሲሄዱ አላየሁም። መገናኛ ላይ አውቶቡስ ቆሞ "ጥሽ!" ሲል እስከ ዛሬ ዞር እላለሁ። እኩያዬ የሆነ የሰፈር ልጅ ሰልፉ ውስጥ ካለ እሱም ይዞራል፤ እንተያያለን።

ቁራሌው ቦምቦላውን በሚዛኑ መንጠቆ ሊሰቅለው ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ በግምት እንሂድ አለ። እማዬ ከበረንዳው ወረደች። ቦምቦላውን ዞራ አየችው፤ ነጠላዋን ጫፉን ይዛ በጎኑ ያለውን አፈር ጠረገችለት፣ እንደሚሸጥ ዕቃ ሳይሆን እንደ ልጅ ፊት።

"ልጄ፣ ያቺን ቧንቧ ፍታልኝ" አለችው።

"እማማ፣ እሷ እኮ ነሐስ ናት። ዋናው ዋጋ እሷ ላይ ነው።"

"አውቃለሁ። ፍታልኝ።"

ፈታላት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት። ብሩን ሳትቆጥር ተቀብላ ቡናውን ልታቀርብ ገባች። እኔና ልጁ ቦምቦላውን ጋሪው ላይ ጫንነው፤ በገመድ አሰረው፤ ወጣ።

በሩን ዘግቼ ስመለስ እማዬ ረከቦቱ ፊት ተቀምጣ፣ ጀበናውን እንደያዘች፣ እጇ አየር ላይ ቆሟል። ታዳምጣለች። ጋሪው ዳገቱን እየወረደ ነው። ባዶው ቦምቦላ ኮብልስቶኑ ላይ ይንቋቋል፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ እየራቀ። ከዚያ አስፋልቱ ጋ ደረሰና ድምፁ ጠፋ።

ቀዳችልኝ።